አራጅ ፍለጋ

መፍቱሃ ቀዩን አውራ ዶሮ ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ቢላዋውን በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ናዝሬትን ስትዞር አረፈደች። ወንድሟ አብዱናሲር ያለበት የወታደር ባቡር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣቢያው ይደርሳል፤ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ልጆቹን ወደ ጦር ሜዳ ይዟቸው ይሄዳል። እናቷ ሻምሲያ ልጇን በእጇ ሳታጎርስ እንደማትሸኘው ምላለች። ዶሮው ግን የሙስሊም ወንድ እጅ ይፈልጋል፤ የሙስሊም ወንድ ደግሞ የለም። ሰሞኑን አፈሳ ነው። ጢም ያቀመቀመ ሁሉ ወይ ተወስዷል፣ ወይ ሁሩታ ዘመድ ቤት ገብቷል፣ ወይ ኮርኒስ ላይ ተኝቷል።

ሴት ያረደችው ክት ነው፣ አይበላም ይባላል። ስለዚህ ወንድ የሌላት ሴት ዶሮና ቢላዋ ይዛ በር ላይ ትቆማለች፣ የሃይማኖቷ ሰው እስኪያልፍ። ሻምሲያ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ልጇ እስኪያድግ እንዲሁ ቆማለች፤ ልጇ ከተወሰደ ወዲህም ያው ናት። መፍቱሃ በልጅነቷ "ለምን?" ብላ ስትጠይቅ መልሱ ኩርኩም ነበር።

መንገድ ላይ ያገኘችው ወንድ ክርስቲያኑን ጎረቤታቸውን ጋሽ አብተውን ብቻ ነው። እሳቸውም እኔ ባርድልሽ እናትሽ ድስቱንም አታተርፈው ብለው፣ ከልባቸው አዝነው አለፉ። አራት ሰዓት ሆነ። ጨነቃት፣ ጠበባት። በመጨረሻ ቁርአን ያስተማሯት ሼህ ራህመቶ ቤት ገባች። ቀኝ እጃቸው ከታመመ ወዲህ ማንኪያ እንኳ እንደማይዝላቸው ታውቃለች፤ የሄደችው ለእጃቸው አልነበረም።

"ሼኽዬ፣ እኔ ባርደው ሀራም ነው?"

ሼሁ በነቢዩ ዘመን አንዲት በግ ጠባቂ ልጅ ልትሞት የደረሰች በግ በስለታም ድንጋይ አርዳ፣ ብሉት መባሉን ነገሯት። ቢስሚላህ በይ፣ ቢላዋሽ ይሳል፤ ሌላው ልማድ ነው አሏት።

ደስ ሊላት ሲገባ ተናደደች። "ታዲያ እናቴ ያን ሁሉ ዓመት በር ላይ ስትቆም ለምን ዝም አሉ?"

ሽማግሌው የማይታዘዘውን እጃቸውን አዩ። "ሳልፍ የምትጠራው እኔን ነበር። መጠራቱ ደስ ይለኝ ነበር፣ ልጄ።"

መፍቱሃ ቤቷ ተመልሳ ጓሮ ገባችና ቢስሚላህ ብላ አረደችው። ሻምሲያ ግን ወይ ፍንክች። ሼሁ ያሉትን ብትሰማም በአፌ አላደርገውም አለች፤ ድስቱንም አልነካችም። ልጅቷ ብቻዋን ገነጣጠለች፣ ብቻዋን አቁላላች፣ በየደቂቃው ሰዓት እየጠየቀች። ለወንድምሽም ሼሁ አረዱት ማለት አለብሽ ተባለች።

ጣቢያው በእናቶች ተጨናንቋል። አብዱናሲር ራሱን ተላጭቶ፣ ከስቶ፣ በባቡሩ መስኮት ብቅ አለ። ሻምሲያ ሳህኑን አቀበለችው። ክዳኑን ሲከፍት ፊቱ ፈካ፤ ከዚያ ማን እንዳረደው ጠየቀ።

"ሼህ ራህመቶ" አለች እናቱ፣ ልጇን ሳታይ።

"እጃቸው ዳነ እንዴ?"

ሻምሲያ ወደ መፍቱሃ ዞረች። እውነቱን ካወቀ ላይበላ ይችላል፤ ሳይበላ ከሄደ ደግሞ እናቷ ዕድሜ ልኳን ይቅር አትላትም። ዋሽታ ልታበላው ግን አልቻለችም።

"እኔ ነኝ ያረድኩት። ሼሁን ጠይቄ ነው፤ ሐላል ነው ብለዋል።"

እጁ ሳህኑ ላይ ቆመ። ባቡሩ ጮኸ። አብዱናሲር ቢስሚላህ ብሎ ሥጋውን በእንጀራ ጠቀለለና ወደ አፉ ሳይሆን በመስኮቱ ወደ እናቱ ዘረጋው።

"ጉረሺ፣ እማ። ብቻዬን አልበላም።"

ልታጎርስ የመጣችው እናት በቆመችበት ደርቃ ቀረች። ባቡሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ሁለት እርምጃ ተከተለችው፤ ከዚያ አፏን ከፈተች። እሱም ወዲያው ለራሱ ጠቅልሎ ጎረሰ፤ ጉንጩ ሞልቶ እጁን እያወዛወዘ ራቀ።

ወደ ቤት የሚወስዳቸው ጋሪ ላይ ሻምሲያ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

"ጨው አንሶታል" አለች። "ሲመለስ አንቺ እረጂ፤ ወጡን ለእኔ ተይው።"