ሁለተኛው ተኩስ

«ወደ መነሻው!» አለ አስነሺው ዎበ፣ የማስነሻ ሽጉጡን ወደ ላይ ይዞ።

ሁለቱ የበረዶ ሸርተቴ ተሽቀዳዳሚዎች መስመሩ ላይ ቆሙ፤ ከውስጥ ባውክያ፣ ከውጭ ሲትስካ። ፈጣኗ ወደ አገር አቀፉ ውድድር ታልፋለች። የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነው።

«ተዘጋጁ!»

ጎንበስ ብለው ሳይነቃነቁ ቆሙ። ዎበ እንደ ልማዱ ትንሽ አቆያቸውና ተኮሰ። ከተኩሱ በፊት ግን የባውክያ ጉልበት ወደፊት ሲሄድ በደንብ አይቷል። አንዷ ከተኩሱ ቀድማ ከተነሣች ደንቡ ወዲያው ደግሞ ተኩሶ ሁለቱንም መመለስ ነው። ጣቱ እሺ ሲለው ግን ልጆቹ ርቀው ሄደዋል፤ ሁለተኛውን ሳይተኩስ ቀረ።

ባውክያ በሰከንድ ሦስት መቶኛ ቀድማ ጨረሰች።

«ተኝተህ ነው እንዴ ጋሽ ዎበ?» ብሎ ጮኸ ቸርድ፣ የሲትስካ አሠልጣኝ። «ልጅቷ እኮ ሾልካ ነው የወጣችው!»

ዋና ዳኛዋ ሂልክያ እየተንሸራተተች መጣች። «አይተሃል?»

«ምንም አላየሁም።»

ዎበ ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ላሞቹን ለልጁ ካስረከበ ወዲህ የራሴ የሚለው ሥራ ይህ ሽጉጥ ብቻ ነው። በፍሪስላንድ የበረዶ ሜዳዎች ሠላሳ ክረምት ውድድር ሲያስነሳ ተሳስቶ ያውቃል፤ ዋሽቶ ግን አያውቅም። አንዴ በግራ እግሩ፣ አንዴ በቀኝ እግሩ ይቆማል።

ሲትስካ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ ጫማዋን እንኳ አልፈታችም። በዚህ ክረምት ካላለፈች እንደምታቆም ሜዳው ሁሉ ያውቃል። ዎበ ላለማየት ቢሞክርም ዓይኑ እየተመለሰ እሷው ላይ ያርፋል። አፈረ።

«ጋሽ ዎበ፣ እየጠበቁህ እኮ ነው» አለችው ረዳቱ ዪልዱ ከኋላው። ቀጣዮቹ ሁለት ልጆች ብርዱ ላይ ቆመዋል።

«ይጠብቁ» አለና ወደ ሂልክያ ሄደ።

«ቅድም ዋሽቼሻለሁ። ባውክያ ቀድማ ወጥታለች፤ አይቻለሁ። ጣቴ ነው የዘገየው።»

«ይሄን ቶሎ ብትለኝ ምን ነበረበት?» አለችው ሂልክያ።

«ፈራሁ።»

«በል፣ የሌሎቹ ሲያልቅ ሁለቱ እንደገና ይሽቀዳደማሉ። የምታስነሳቸውም አንተው ነህ። ሰው አንድ ቀን ይዘገያል፣ ምን አለበት!»

እሺ ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ያለፈው ሳምንት ግን ትዝ አለው፤ ያኔም ዘግይቶ ነበር፤ ያኔ ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ተመልሶ ሽጉጡን በእጀታው በኩል ለዪልዱ ዘረጋላት።

«ያዥ። አንቺ አስነሺ።»

«ዛሬን ብቻ ነው አይደል?»

«አይደለም» አለና ኪሱ ውስጥ የቀሩትን ጥይቶች አውጥቶ ጨመረላት።