የፓኪሶ ጆሮ

ፓኪሶ ኮፈኑን ከፍቶ በተነሳው ሞተር ላይ ጎንበስ ሲል ፑሌንግ እጇን አጣምራ ዝም አለች። መኪና ሻጩም ዝም አለ። በደቡብ አፍሪካዋ ቬልኮም ከተማ ፓኪሶ ሲያዳምጥ ሰው አያወራም። በማዕድን ማውጫው ጋራዥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ ያተረፈው ክብር ይኸው ነበር። «ኩሽኔታው ሊሄድ ነው» ካለ ተፈትቶ ሲታይ እንዳለው ይሆናል።

አሁን የሚሰማው ግን ወፍራም ጉርምርምታ ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ቀጫጭን ድምፆች አንድ በአንድ ጥለውት ሄደዋል። መጀመሪያ የስልኩ ጥሪ፣ ቀጥሎ የማንቆርቆሪያው ፉጨት፣ ኋላም የልጅ ልጆቹ ድምፅ። ለማንም አልተናገረም። ሰው ሲያወራው ከንፈር ያያል፤ ያልገባውን ፈገግ ብሎ ያልፈዋል።

መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳርፎ ንዝረቱን ለካ። ዘይቱን በጣቱ አሽቶ አሸተተ። ከዚያ ፑሌንግ እየነዳች እሱ ከጎኗ ተቀምጦ በሄነማን መንገድ ጥቂት ሄደው ተመለሱ።

«እህስ፣ ማሎሜ?» አለችው። የእናቷ ወንድም ስለሆነ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠራው እንዲህ ነው።

«ምንም አይልም» አለ።

ፑሌንግ የፊዚክስ መምህርት ናት። ቬንተርስበርግ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛውራለች፤ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ገና ሳይነጋ፣ በዚህ ብርድ፣ በበቆሎ እርሻዎች መሃል ስልሳ ኪሎ ሜትር ብቻዋን መንዳት አለባት። ታክሲ ጠብቃ ለትምህርት ቤቱ ደወል አትደርስም።

ቢሮ ውስጥ ማርሊዝ የምትባል መነጽር ያደረገች ሴት ወረቀቶቹን ደረደረችላቸው። የመጨረሻውን ለብቻው አስቀመጠች። «ይሄ የተራዘመ ዋስትና ነው። ሞተርና ካምቢዮ ለሁለት ዓመት። በየወሩ ነው የሚከፈለው። ግዴታ አይደለም፤ ግን መንገድሽ ሩቅ ነው።»

ፑሌንግ ሳቀች። «የኔ ዋስትና እዚህ አጠገቤ ተቀምጧል።»

ማርሊዝም ፈገግ ብላ ወደ ፓኪሶ ዞረች። «ሁልጊዜ አብረዋት ሊጓዙ ነው?»

ፓኪሶ ዓይኑን ወደ ዋስትናው ወረቀት መለሰ። አምና የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ ሰው ሁሉ እንደ አባት «ንታቴ» የሚላቸው ሞኮና፣ አሮጌ ፒክአፕ ሊገዙ ይዘውት ሄደው ነበር። አዳምጦ «ደህና ነው» አላቸው። በአርባኛው ቀን ሞተሩ በብሉምፎንቴይን አውራ ጎዳና ላይ ነክሶ መኪናው ባለበት ቆመ፤ ከኋላ የመጣ ጭነት መኪና ገጫቸው፤ የባለቤታቸው ክንድ ተሰበረ። ሰው «ሞኮና የራዲያተሩን ውሃ ሳያዩ ነድተው ነው» ሲል ፓኪሶ አላረመም። እሱም ለራሱ እንደዚያው ነገረው።

«ግዢው» አለ።

«ምኑን?»

«ዋስትናውን። ግዢው።»

ፑሌንግ አፍጥጣ አየችው። «ይሄን ወረቀት የሰነፍ መካኒክ ፈጠራ ሲሉት የኖሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ሰው ሲያረጅ ይለሳለሳል።»

ማርሊዝ ወረቀቱን ገፋ አደረገችላት። ፑሌንግ ግን የተማሪ ፈተና እንደምታርም ሁሉ መስመር በመስመር በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። ፓኪሶ ጣቷ ሲቆም አየ።

«እዚህ ላይ፣ በግዢው ዕለት የነበረ ብልሽት አይሸፈንም ይላል።»

«የሁሉም ቦታ እንዲሁ ነው» አለች ማርሊዝ። «ዋስትናው ኋላ የሚመጣውን ነው የሚሸፍነው።»

«ጥሩ። የዛሬውን ማሎሜ አይተውልኛል።» እስክሪብቶውን አነሳች።

ፓኪሶ ከወረቀቱ ኋላ ሊደበቅ አስቦ ነበር፤ ወረቀቱ ግን አላስጠጋውም። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊነካ ሲል እጇን ያዘ።

«ተይ፣ አትፈርሚ።»

«ዛሬ ምን ነካዎት? ግዢ ይሉኛል፣ መልሰው አትፈርሚ ይሉኛል።»

«ጆሮዬ አይሰማም።»

በሹክሹክታ የተናገረ መስሎት ነበር። በሩ አጠገብ የቆመው ሻጭ ዞር ሲል ነው ድምፁ ቢሮውን እንደሞላው የገባው።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች ፑሌንግ።

«ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

ጣቶቿን እያጠፈች ስታሰላ አየ። «የንታቴ ሞኮና መኪና?»

አንገቱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ማሎሜ፣ የባለቤታቸው ክንድ እኮ ዛሬም አይታጠፍም።»

«አውቃለሁ።»

«እኔንም በዚያ ጨለማ ሊልኩኝ ነበር» አለች። ይህን ከከንፈሯ ላይ አነበበው፤ ባያነበው በወደደ።

ማርሊዝ «ውሃ ላምጣላችሁ» ብላ ወጣች። ፓኪሶ ከንፈሩን በምላሱ አረጠበ። «መኪናውን ዲኬሌዲ ጋ እንውሰደው» አለ። ዲኬሌዲ በማዕድኑ ጋራዥ ሥሩ የነበረች፣ ኋላ አለቃ የሆነች፣ አሁን የራሷን ጋራዥ የከፈተች መካኒክ ናት። ያለ መመርመሪያ መሣሪያ አትሠራም እያለ ዓመታት ሲያፌዝባት ኖሯል፤ አለቃው ከሆነች ጀምሮ ሰላምታም የላቸው።

ሻጩ ሰዓቱን አየ። «ቅዳሜ ነው፤ በቅርቡ እንዘጋለን። ለዚህ መኪና ደግሞ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው።»

«ይጠብቃ» አለች ፑሌንግ።

አርባ ደቂቃ ሰጣቸውና ራሱ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። በመንገድ ላይ ፑሌንግ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ወይም ተንፍሳ ከሆነ ፓኪሶ አልሰማም።

ዲኬሌዲ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ወጣች። ፓኪሶን ስታይ ፊቷ ኮስተር አለ።

«እኔ አልሰማም» አላት፤ ሰላም እንኳ ሳይል። «አንቺ ስሚልኝ።»

ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣለች። ትስቃለች ብሎ ጠበቀ። «ከፊት ይቀመጡ፣ ንታቴ» አለችና መሪውን ያዘች።

በሰዓት ሰማንያ ኪሎ ሜትር ላይ ስትደርስ አንገቷን ዘንበል አደረገች። ነዳጁን ለቀቀች፣ መልሳ ረገጠች። ከዚያ የፓኪሶን እጅ ይዛ የማርሹ ዘንግ ላይ አሳረፈችው። መጀመሪያ ምንም አልተሰማውም። ዓይኑን ጨፈነ። ከንዝረቱ ሥር ሌላ ቀጭን መንቀጥቀጥ ነበር፤ ነዳጅ ስትረግጥ ይመጣል፣ ስትለቅ ይጠፋል።

«የካምቢዮ ኩሽኔታ» አለ።

«እሱው ነው። ያፏጫል።»

«ምን ያህል ይቆያል?» አለች ፑሌንግ ከኋላ።

«ወር፣ ቢበዛ ሁለት። ከዚያ እየሄድሽ ማርሹ ሊነክስብሽ ይችላል» አለች ዲኬሌዲ።

ሻጩ ሰዓቱን ትቶ «እናሠራልሻለን» አለ።

ለፑሌንግ ቃሉ ብቻ አልበቃትም። ካምቢዮው በሻጩ ወጪ በዲኬሌዲ እጅ እንዲታደስ፣ ዋስትናው የሚጀምረውም ከዚያ በኋላ እንዲሆን በጽሑፍ አስገባች። እስከዚያው በአንዲት ባልደረባዋ መኪና ተጋፍታ ተመላለሰች። በዚያው ቅዳሜ ፓኪሶን ቤቱ በር ድረስ ስትሸኘው «ንታቴ ሞኮና ጋ የሚሄዱት እርስዎ ነዎት፤ እኔ አልነግርልዎትም» አለችው።

እሑድ ሄደ። ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። ሞኮና እስኪጨርስ ጠበቁ። ከዚያ ወደ ፊቱ ቀርበው፣ ቃሉን እየለዩ፣ «አሁን ብሰድብህ ግማሹ ያመልጥሃል። መስሚያ አስገጥመህ ተመለስ፤ ያኔ የማስበውን እነግርሃለሁ» አሉት። ባለቤታቸው በደህና እጃቸው በሩን ከፍተው ሸኙት። በማግስቱ ክሊኒክ ሄዶ ተመዘገበ፤ ወረፋው አራት ወር ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ፑሌንግ መኪናውን ልትረከብ ስትሄድ እንዲመጣ ላከችበት። ለምን እንደፈለገችው አልገባውም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ጠርታው አታውቅም። ማርሊዝ ስለ ዋስትናው ስታብራራ ዓይኑን ከከንፈሯ ላይ አልነቀለም፤ እሷ ግን ወረቀቱ ላይ አጎንብሳ ስለምታወራ ምንም አልያዘም። እንደልማዱ ፈገግ አለ።

ፑሌንግ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። «በየአሥራ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ሰርቪስ ካላደረግኩ ዋስትናው ይሰረዛል ነው የምትለው» አለችው፣ ቀስ ብላ። «ገባዎት?»

«አልገባኝም ነበር» አለ። «አሁን ገባኝ።»

ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው መልሳ ፈረመች።