በእጅ የተጠየቁ አርባ ጥያቄዎች

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ጋር ያገናኘሁት እኔ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው መናገር ይሻለኛል።

ክፍላችን ከጎሚስታ በላይ ናት። ታች ጎማ ይፈታል፣ ይለጠፋል፣ ይነፋል፤ የአየር መሙያው ሞተር በተነሣ ቁጥር የእኛ መስኮት ይንቀጠቀጣል። ላይ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ካሜራ፣ ሰማያዊ ጨርቅ የተወጠረበት ግድግዳና ሰርገኛው አሉ። ሰርገኛው የምንላቸው ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ሰርግ ሲቀርጹ ስለኖሩ ነው፤ እሳቸው ግን አላገቡም። እኔን ደግሞ ዶክተሯ ይሉኛል። ዘጠኝ ዓመት ውጭ ተምሬ የመጣሁት የቪዲዮና የድረ ገጽ ሥራ እንጂ ዶክትሬት አይደለም። ብዙ ጊዜ ነግሬአቸዋለሁ፤ ጆሮ አልሰጡኝም።

በዚያ ሰማያዊ ጨርቅ ፊት ስድስት ቀን የቆመችው እታለም ናት፣ ታላቅ እህቴ። እታለም አትሰማም፤ የማይሰሙ ልጆችንም ታስተምራለች። ተማሪዎቿ በየገጠሩ ተበትነው በስልክ የሚከታተሏት ናቸው፤ ነገ ጠዋት የመጨረሻ ፈተናቸውን ይወስዳሉ። እስከ ዛሬ ፈተናው በወረቀት ነበር። ወረቀት ላይ ያለው ቋንቋ ለእነሱ የሰው ቋንቋ ነው፤ ሒሳቡን የሚችል ልጅ ጥያቄውን ሲያነብ ይወድቃል። እታለም አርባዎቹ ጥያቄዎች በምልክት ቋንቋ፣ በቪዲዮ ይቅረቡላቸው ብላ ሦስት ዓመት ደጅ ጠናች። በመጨረሻ የፈተናው መሥሪያ ቤት እሺ ሲል አንድ ነገር አስቀመጠ፦ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪ ይመጣሉ፤ ቪዲዮዎቹን በራሳቸው ስልክ፣ በተራ ኔትወርክ ይከፍታሉ። ሳይቆራረጥ ከሄደ ይፈርማሉ። ካልሄደ ነገ ወረቀት ነው።

እኔ ኢንተርኔቱን የሰካሁት የተቀናበሩትን ቪዲዮዎች ልጭን ብዬ ነበር። ከደቂቃ በኋላ ማቀናበሪያው ፕሮግራም አንድ ግራጫ ሳጥን አወጣ፦ ፈቃድዎ አይታወቅም።

«ጋሼ፣ ይህን ፕሮግራም ከየት ነው ያመጡት?»

ሰርገኛው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «ከጓደኛዬ። በፍላሽ።»

«ተገዝቶ ነው?»

«አራት ዓመት እንደ በግ ሲታዘዘኝ የኖረ ነገር ነው። አንቺ ኢንተርኔት ሰጥተሽ አሰከርሽው።»

ያኔ ገባኝ። ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ ነው፤ ከውጭው ዓለም ተደብቆ ስለኖረ ብቻ ነው የሠራው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚያወጣው ቪዲዮ ሁሉ መሐሉ ላይ ትልቅ ማኅተም ይዞ መውጣት ጀመረ። ማኅተሙ የሚያርፈው ልክ የእታለም እጆች የሚንቀሳቀሱበት ቦታ ላይ ነው። በፊት የተቀናበረውም ገና ከፕሮግራሙ አልወጣም ነበርና አብሮ ተቆልፏል። የቀረን ካሜራው ውስጥ ያለው ጥሬ ቀረጻ ነው፤ የስድስት ቀን ቀረጻ፣ ከስህተቱና ከሳሉ ጋር።

እታለም ትምህርት ቤት ነበረች፤ ከተቆጣጣሪዋ ጋር ነው የምትመጣው። መልእክት ልልክላት ስልኬን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

ፍለጋ ጀመርኩ። ነፃ የሚል ሁሉ ነፃ አይደለም። የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ብቻ ይቆርጥልኛል። ሁለተኛው የራሱን ማኅተም ያትማል። ሦስተኛው ነፃ ነኝ ብሎ ካወረድኩት በኋላ የባንክ ካርድ ቁጥር ጠየቀኝ። አራተኛው ራሱ ሳይከፈት ሁለት የማላውቃቸው ፕሮግራሞች ይዞ ገባ፤ እነሱን ሳስወጣ ሃያ ደቂቃ ሄደ። ውጭ ስማር ዩኒቨርሲቲው ሁሉን ገዝቶ ስለሚያቀርብልን አንድም ቀን «ይህ ባይኖርስ?» ብዬ አላውቅም። የተማርኩት መሣሪያውን ነበር ወይስ ሥራውን? ይህ ጥያቄ ከመጣሁ ጀምሮ አልለቀቀኝም።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ አገኘሁት። ኮዱ ለሁሉም የተከፈተ፣ ማንም ወስዶ የሚጠቀምበት መሣሪያ ነው። መስኮት የለው፣ ቁልፍ የለው፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ትእዛዝ ይጻፍለታል፣ እሱ ይሠራል። የት እንደሚኖር የማላውቀው ሰው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለሌላ ጭንቀታም የመለሰው መልስ እኔ የምፈልገውን ትእዛዝ ቃል በቃል ይዞ ነበር።

«የተከፈተ ማለት?» አሉ ሰርገኛው፣ ከትከሻዬ በላይ እያዩ።

«ማንም ገብቶ አሠራሩን ያያል፣ ያስተካክላል ማለት ነው።»

«ሌባም?»

«ሌባም።»

«ታዲያ ምን ጎድሎት ነው በነፃ የሚሰጠው?»

«ምንም አልጎደለውም፣ ጋሼ። ብቻ እያንዳንዱ ጥያቄ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ በሰከንድ ልነግረው አለብኝ። ያን ከጥሬው ለማግኘት ስድስት ቀን መልሼ ማየት ሊኖርብኝ ነው።»

 ሰርገኛው መሳቢያቸውን ሳቡና ጠርዙ የተበላ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉልኝ። በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሑፍ፦ ጥያቄ አንድ፣ ጥያቄ ሁለት፣ የጀመረበት፣ ያለቀበት፣ «እዚህ ጋ አስነጠሰች»። ሙሽራዋ ስታለቅስ የቱ ደቂቃ ላይ እንደሆነ ለመጻፍ ከካሴት ዘመን ጀምሮ የለመዱት ነገር ነው። እኔ ስድስቱንም ቀን «ኮምፒውተሩ ያስታውስ የለ፣ ለምን ይደክማሉ?» እያልኩ ስቄባቸዋለሁ።

«ያንብቡልኝ» አልኳቸው።

እሳቸው እያነበቡ እኔ ጻፍኩ። አርባ መስመር። አንዷን ቁጥር ስሳሳት እታለም ራሷን ስታክክ ወጣች፤ ደግመን ጻፍን። ቪዲዮዎቹ በገጠር ኔትወርክ እንዲሄዱ መክሳት ነበረባቸውና በሰከንድ የነበረውን ሃያ አምስት ምስል ወደ አሥር አወረድኩት። ድምፁን ግን ሙሉ ጥራቱን አልነካሁበትም። የመጀመሪያ ዓመት መምህራችን ይህን በጭንቅላታችን ቀርጾብን ነበር፦ ተመልካች መጥፎ ምስል ይቅር ይላል፣ መጥፎ ድምፅ ግን አይምርም። ልጆቹ በሚከፍቱት ድረ ገጽ ላይ ቪዲዮውን የሚያጫውተውን ፕሮግራምም እንዲሁ ከተከፈቱት መሐል ፈልጌ አስገባሁ። ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን በስልኬ ሞከርኩት፤ ሳይቆም ሄደ። ሰርገኛው ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጡ።

ተቆጣጣሪዋ በሰዓታቸው መጡ። ቀጠን ያሉ፣ ቦርሳቸውን ከጭናቸው የማያወርዱ ሴት ናቸው። እታለም ከኋላቸው ገብታ ፊቴን አየች። ከእሷ ፊት መደበቅ አልችልም፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የምታነበው እሱን ነው።

«ምን ሆነሻል?» አለችኝ በእጇ።

«ምንም» አልኳት። የእኔ እጅ ዘጠኝ ዓመት ሥራ ፈቶ ይኮላተፋል፤ ውሸት ደግሞ ይበልጥ ያኮላትፈዋል።

ሴትዮዋ በስልካቸው ከፈቱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት፣ አሥር። አንዱም አልቆመም። የምልክት ቋንቋ አያውቁም፤ የሚያዩት ይሄዳል ወይስ ይቆማል የሚለውን ነው። ቅጹን ዘርግተው እስክሪብቶ አወጡ።

እታለም ከጎናቸው ሆና አሥራ አራተኛውን ጥያቄ ታይ ነበር። ግንባሯን ቋጠረች። ወደ እኔ ዞረች።

«ሰባት ነው ያልኩት ወይስ ዘጠኝ?»

«ሰባት።»

«አንቺ ጥያቄውን ስለምታውቂው ነው። ጣቴ ሲለወጥ አይታይም። እንደ ተሰበረ ነገር ነው የሚዘለው። ይህ አይነበብም።»

«ምን አለች?» አሉ ሴትዮዋ። የእስክሪብቷቸው ጫፍ ወረቀቱን ነክቷል።

አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። «ጥሩ ነው ትላለች» ብል ይፈርማሉ፤ ክፍሉ ውስጥ የሚያውቅብኝ እታለም ብቻ ናት፣ እሷም አትሰማኝም። ፊርማው ካለ ሌላውን እኔ እስከ ነገ አስተካክለዋለሁ እላለሁ። ካልተስተካከለስ? ልጆቹ በገዛ ቋንቋቸው ተጠይቀው ይወድቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሁለተኛ ዕድል አይሰጣትም።  እታለም ከንፈሬን እያየች ነበር። ከንፈር ማንበብ እንደምትችል ረስቼ አልነበረም፤ ለአንድ አፍታ እንድረሳው ፈልጌ ነበር።

«አይነበብም ነው የምትለው» አልኩ። «ትክክል ናት። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ሴትዮዋ እስክሪብቶውን ከደኑት። «መኪናዬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። ከዚህ ሌላ መሥሪያ ቤት እሄዳለሁ። እስከዚያ የሚሆን ነገር ካለ እጠብቃለሁ።»

ሰላሳ አምስት ደቂቃ።

ምስሉን ወደ ሃያ አምስት ብመልሰው ይከብዳል፣ በየመሐሉ ይቆማል። ጥራቱን ባወርደው ጣቶቹ ይደበዝዛሉ። አንዱን ሳነሣ ሌላው ይወድቃል። እታለም አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ አልተቆጣችም፣ እሱ ነው የባሰብኝ።

«ውስጡ ያለው ምንድን ነው? ምኑ ነው የሚከብደው?»

«ምስሉ» አልኳት። «ግማሽ የሚሆነው ደግሞ ድምፁ ነው።»

አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ እሷ አዞረችው። «ድምፅ?»

«ድምፅ።»

«የምን ድምፅ?»

አሥራ አራተኛውን ከፍቼ አዳመጥኩ። የጎሚስታው ሞተር። የሰርገኛው ሳል። አንድ ሰው ታች «ብሎኑን አጥብቀው» ይላል። ይህን ሁሉ ቅንጣት ሳይጎድል፣ ጥርት አድርጌ፣ ለማይሰሙ ልጆች በየገጠሩ ልልክላቸው ነበር። ስነግራት እታለም መጀመሪያ አፏን ያዘች፤ ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድምፅ አውጥታ ሳቀች።

«ዘጠኝ ዓመት» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። «ዘጠኝ ዓመት ተምረሽ።»

«ምን ትላለች?» አሉ ሰርገኛው።

«እየሰደበችኝ ነው።»

«በርቺ በይልኝ።»

ድምፁን የሚያስወጣው ትእዛዝ ሦስት ፊደል ነው። አርባውም መስመር ላይ ጨመርኩት፤ ምስሉን ወደ ሃያ አምስት መለስኩና ከድምፁ የተረፈውን ቦታ ሁሉ ለእሱ ሰጠሁ። መስመሮቹ ተጽፈው ስላለቁ አሁን ማሽኑ ብቻውን ይሮጣል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሃያኛው ላይ መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ፤ ታች ሞተሩ ሲነሣ የሚሆን ነው፣ ተመለሰ። መጫኑ ሲጀምር ስምንት ከሃምሳ ሆኗል። አሥራ አራተኛው ተጭኖ እንዳለቀ ታች የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። ሴትዮዋ ሰዓታቸውን አዩና ተነሡ።

«አሥራ አራተኛውን» አልኳቸው። «እሱን ብቻ ይክፈቱልኝ።»

ቆመው ከፈቱት። ሄደ፣ አልቆመም። ፊታቸው ግን ተኮሳተረ። የስልኩን ድምፅ መጨመሪያ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስት ጊዜ ተጫኑት።

«ይኸው ተበላሸ። ቅድም ይሰማ ነበር፤ አሁን ጭራሽ ድምፅ የለውም።»

አፌን ሳልከፍት እታለም ቀደመችኝ። የሴትዮዋን አውራ ጣት ከቁልፉ ላይ ቀስ ብላ አነሣችው። ከዚያ ፊት ለፊታቸው ቆማ፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው እታለም የምትለውን እየተከተለች በእጇ መድገም ጀመረች። ሁለቱ እኩል ሄዱ። ሰባት ላይ ሲደርሱ ጣቶቿን አየር ላይ አቆመች፤ ሴትዮዋ ከእጇ ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ እጇ አዩ። አንድ ዓይነት ነበር።

ጥሩንባው ደገመ። ሴትዮዋ ተቀመጡ።

ቅጹን በእስክሪብቷቸው ጫፍ እየተከተሉ ወረዱ። ሳይቆራረጥ መሄዱ፣ ምልክት። የምስል ጥራት፣ ምልክት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆሙ። የድምፅ ጥራት ይላል፤ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ ደካማ።

«ይህን ባዶ ትቼ ብሄድ አይቀበሉኝም» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ።

ተረጎምኩላት። እታለም እጇን ዘረጋች፤ ሴትዮዋ ትንሽ አመነቱና እስክሪብቶውን ሰጧት። ሦስቱን ሣጥኖች በአንድ መስመር ሰረዘችና ከጎኑ በዚያ የመምህር ጽሑፏ «አያስፈልግም» ብላ ጻፈች። መልሳ ሰጠቻቸው። ሴትዮዋ አነበቡት፤ ከዚያ ከቅጹ ግርጌ ፈረሙ።

ደረጃውን ሲወርዱ የታችኛው ሞተር ተነሣ። እኔና ሰርገኛው ክው ብለን ወደ መስኮቱ ዞርን። እታለም አልዞረችም፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ አሥራ አምስተኛውን ጥያቄ ከፍታ ነበር፣ እስከ አርባኛው ድረስ ልታይ።