ከአንድ ጣሪያ ሥር

«ማቴው ከዱቄት ማሰሮው ጀርባ ነው፤ ሰማያዊው ቁም ሳጥን ውስጥ» አለች ዊዳድ፣ ስኒ ከምታጥብበት ቀና እንኳ ሳትል።

ኑሃድ ክው አለች። ከሱወይዳ የመጡት ለቀስተኞች መራራው ቡና በቅቷቸው፣ በብረት ቀሰም የሚመጠጠውን የማቴ ቅጠል ጠይቀዋል። እሷም «ሐኪሙ አባቴን ከከለከለው ወዲህ እዚህ ቤት ማቴ የለም» ልትል ነበር። ቁም ሳጥኑን ከፍታ ከማሰሮው ጀርባ እጇን ሰደደች። ጣሳው አለ። ግማሽ ደርሷል።

ቁም ሳጥኑን ኑሃድ ራሷ ያስገባችው ባለፈው ዓመት ነው። እናቷ ዊዳድ ግን ተፈትታ ከዚህ ቤት ስትወጣ ኑሃድ የወተት ጥርሷን እንኳ አልነቀለችም ነበር።

በኛ በድሩዞች እምነት ፍቺ እንደ ሌላው አገር አይደለም። የፈታ አይመልስም። የተፋቱት ሁለቱም በሕይወት እስካሉ ከአንድ ጣሪያ ሥር አይገኙም፤ ሽማግሌ ቢላክ፣ ቢለቀስ፣ ቢለመን ዋጋ የለውም። ዊዳድ የኑሃድ አባት የፈንዲ አስከሬን ከግቢው እስኪወጣ ከመንገድ ማዶ ቆማ የጠበቀችው ለዚህ ነው። ከቀብር መልስ ነጭ መከናነቢያዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ገባች፤ የሟች ሚስት ሆና ሳይሆን የኑሃድ እናት ሆና። ያየ ሁሉ «ሥርዓት ታውቃለች» አላት።

ኑሃድም እንደዚያው ብላ ነበር። አሁን ግን ጣሳውን እንደያዘች የእናቷን ጀርባ ትሰልል ጀመር።

«ሰማሻት አይደል?» አለቻት አክስቷ ሸሂራ፣ እንግዶቹ እንደተሸኙ ጓዳ ድረስ ተከትላት። የሟች እህት ናት፤ ለቅሶ ቤት በአንድ ዓይኗ ታነባለች፣ በሌላው ትቃኛለች። «ያቺ ሴት ዓይኗን ጨፍና ብትሄድ እዚህ ቤት አትደናቀፍም።»

«ምን ልትዪ ነው አክስቴ?»

«እኔ ምን እላለሁ? አፈር ይብላኝ! ሼኾቹ ግን ለሳምንቱ ይመጣሉ። እሷና እሱ ይገናኙ ነበር የሚል ወሬ ከደረሳቸው፣ ‹አላህ ይዘንለት› የሚለው ቃል ካንዳቸውም አፍ አይወጣም። እሷንም ከጸሎት ቤት ያስወጧታል። ወንድሜን እንደ ወንበዴ በዝምታ ሲሸኙት ማየት ትፈልጊያለሽ?»

የሼኾቹ ዝምታ ምን እንደሆነ ለኑሃድ መንገር አያስፈልግም። ምሕረት ያልተባለለት ሰው ስም እስከ ልጅ ልጆቹ ድረስ አንገት ያስደፋል።

ፈንዲ ግልፍተኛ ነበር። የወይን ለቀማ ሰሞን በእንግዳ ፊት ዊዳድ ቃሉን ብታስተባብልበት «ፈትቼሻለሁ!» አለ፤ ቃሉ ካፉ ሲወጣ ፊቱ አመድ መሰለ ይላሉ የነበሩት። በማግስቱ ሼኾቹ ደጃፍ ተንበረከከ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም አሉት። ከዚያ ወዲህ እሷ በምትሄድበት መንገድ ላለመሄድ በአውድማው ዞሮ ወፍጮ ቤት ሲደርስ ኑሃድ አብራው ዞራለች። ስሟን አይጠራም፤ «የላይ ሰፈሮቹ ደኅና ናቸው?» ይላል። እሱ አላገባም፣ እሷም አላገባች። ኑሃድ ስታድግ መምህሩ ናይፍ ሽማግሌ ላከ፤ ደማስቆ ይዟት ሊሄድ። «አባቴ ብቻውን ይቀራል» ብላ እንቢ አለች።

ያንገበገባት ይህ ነው። ብቻውን ካልነበረ፣ እሷ ለምን ቀረች?

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እናቷን ጓዳ ውስጥ ለብቻዋ አገኘቻት።

«እማዬ፣ ማቴውን ማን አሳየሽ?»

«ማን ያሳየኛል?»

«ከሁሉ በፊት የታዘዝነው የምላስ እውነት ነው ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።»

ዊዳድ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «አንድም ቀን ከዚህ ጣሪያ ሥር አልገባሁም። አንቺ ሥራ ስትሄጂ በወይኑ ማሳ በኩል እመጣለሁ። ከክፍሉ መስኮት ሥር ድንጋይ አለች፤ እሷ ላይ ፊቴን ወደ ወይኑ አድርጌ እቀመጣለሁ። እሱ ከውስጥ፣ አልጋው ላይ። ዞሬ አይቼው አላውቅም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ናይፍን እንቢ ካልሽ ጀምሮ። ልጄ በኛ ጦስ ቀረች ብዬ ልሰድበው መጣሁ። በማግስቱ ደግሞ ያልጨረስኩት ስድብ ነበረኝ።» አንድ ስኒ አንስታ ገለበጠች። «ማቴውን የት እንደደበቀብሽ የነገረኝ ቀን እንዴት እንደሳቀ!»

«እኔ እኮ ብቻውን ነው ብዬ ነው የቀረሁት! ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ፈራን። ብታውቂ አንቺም ትደብቂያለሽ፤ ምላስሽን ማቆሸሽ አልፈለግንም። ደግሞም…» አቀረቀረች። «እንዳይቀርብን ፈራን።»

ኑሃድ ተናደደች፣ ቀናችም። ሁለቱ አዛውንቶች ከእሷ ተደብቀው ሲሳሳቁ ታያት፤ በዕድሜዋ ሁሉ እንዲህ ባይተዋር ሆና አታውቅም።

ሸሂራ በሩ ላይ ብቅ አለች። ምን ያህል እንደሰማች አይታወቅም። «ኑሃድ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ወንድሜ በሕይወት እያለ ይቺ ሴት እዚህ ቤት ገብታ ታውቃለች?»

ዊዳድ ዓይኗን ጨፈነች። ኑሃድ እናቷን አየች፣ አክስቷን አየች። ቁጣዋ ገና አልበረደም፤ አንድ ቃል ብትጨምር ሁሉንም ታፈርሰዋለች።

«አልገባችም» አለች።

«የማቴውስ ነገር?»

«እሱን የደበቀውን ሰው ጠይቂው። የሞተ ሁሉ ወዲያው ይወለድ የለ? የእሱም ነፍስ ሌላ ቤት ሕፃን ሆና ተወልዳለች፤ አፍ ሲፈታ ይነግርሻል።»

ሸሂራ «ቀልደኛ!» ብላ ወጣች።

ለሳምንቱ ሼኾቹ መጥተው ነጭ ጥምጣማቸውን ደርድረው ተቀመጡ። ትልቁ ሼኽ ስኒውን ተቀብሎ ሳይጠጣ ወደ ሴቶቹ በር ረዘም አድርጎ ተመለከተ። ሸሂራ ስታቀረቅር ኑሃድ ማን ምን እንደነገረው ታሰላ ጀመር። ሼኹ ቡናውን ጠጣ። «ለፈንዲ አላህ ይዘንለት» አለ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት።

እንግዳው ሲሳሳ ዊዳድ የኑሃድን ክንድ ያዘች። «ክፍሉን አሳዪኝ።»

አልጋው እንደነበረ ነው። ዊዳድ ጫፉ ላይ፣ እሱ ይቀመጥበት በነበረው በኩል ተቀመጠችና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች።

«ከዚህ እንዲህ ቅርብ ነበርኩ?»

እጇን በመስኮቱ አውጥታ ወደ ታች ዘረጋች። መዳፏ ድንጋይዋ ላይ አረፈ፤ መከናነቢያዋ ከትከሻዋ ሲንሸራተት አላስተካከለችውም።

«ይደርስ ነበር» አለች። «እጁ ይደርስብኝ ነበር።»

ከውጭ የሸሂራ እርምጃ ተሰማ። ኑሃድ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች።