ያልተበላው ዚንክ

በልጉ ሳይዘንብ አለፈ። መኸሩ ዘነበ፤ ስንዴው ጥሩ ወጣ። ፍሬ ሊይዝ ሲል የሲናናን ማሳ ሁሉ ዋግ መታው። መድኃኒት የረጨውም ያልረጨውም እኩል ገለባ ሰበሰበ። ኮምባይነሮቹ ሳይሠሩ ተመለሱ። ሮቤ ገበያ በግ ሻጭ ሞልቶ ገዢ ጠፋ። ቱፋ ከማሳው ያገኘው አንድ ኩንታል አልሞላም፤ እሱም ቢሆን ለዶሮ የሚበተን ዓይነት ነበር። ለእሱና ለሚስቱ ለቢፍቱ የቀረችላቸው ጀልባዋ ብቻ ነበረች።

ጀልባዋ የቱፋ አይደለችም፤ ከአዳባ በታች ባለው የግድብ ሐይቅ ላይ የሚሠራ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ንብረት ናት። ቱፋ ነጂዋም ጠባቂዋም ነው። ሞተሮቿ ውስጥ ተቀምጠው፣ ከኋላዋ ሁለት የአሉሚኒየም እግሮች ውሃ ውስጥ ይወርዳሉ፤ ፕሮፔለሩን የሚያዞሩት እነዚህ እግሮች ናቸው። በኅዳር ሁለቱም በአንድ ሳምንት ቆሙ። ማኅበሩ አስነቅሎ በአይሱዙ ሮቤ አመጣቸውና አንድ ጋራዥ ግቢ አራገፋቸው። ከዚያ በየነን ከጎባ አስጠሩት።

በየነ ድሮ ምፅዋ የባሕር ኃይል መካኒክ ነበር፤ ቱፋም እዚያው በሥሩ ያገለግል ነበር። ባሕር ኃይሉ ከፈረሰ ወዲህ ጎባ ተቀምጦ የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። ሰው ባሕረኛው ይለዋል፤ እንጀራውም ይኸው ስሙ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በጀልባዋ እግሮች ላይ የዚንክ ቁራጭ ያሰረው እሱ ነበር። ውሃው የሚበላውን ሲፈልግ መጀመሪያ ዚንኩን ይበላል፤ ዚንኩ ሲያልቅ ይቀየራል፤ እግሩ ይተርፋል።

ቱፋ ግቢው ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው።

«አካም ቡልቴ፣ ባሕረኛው! ጫማህን ወልውለህ መጣህ? ምርመራ አለ ብለውህ ነው?»

«አንተን ለማየት ነዋ የወለወልኩት።»

«እኔን ተወኝና እነዚህን እያቸው። እንደኛው አርጅተዋል።»

በየነ ተንበረከከ። ቀለሙ አብጦ ተልጧል፤ ከሥሩ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት ሆኗል። ጣቱን ሲጫነው አንዱ ጉድጓድ ወደ ውስጥ ዘለቀ። ውሃ በዚያ ገብቶ የማርሹ ዘይት ወተት መስሏል፤ ጥርሶቹ አልቀዋል። ከዚያ ዚንኩን አየ። እንዳሰረው ነበር። ላዩ ላይ እንደ ኖራ የደረቀ ቅርፊት ይዟል። በሰንጢ ፋቀው። ከሥሩ፣ ያኔ ሲያስረው የሞረደበት ጭረት ሳይደበዝዝ ወጣ።

የሁለተኛውንም እግር ፋቀው፤ ያው ነበር።

ምፅዋ እያሉ አንድ መምህር አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሮት ነበር። ጨው በሌለው ውሃ ዚንክ ቅርፊት ለብሶ ይተኛል፤ እዚያ የሚታሰረው ማግኒዥየም ነው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ የባሕር ኃይል ከሐይቅ ጋር ምን አገናኘው ብለው። በየነም ስቆ ነበር። ቱፋ በየወሩ ይደውልለት ነበር። «ዚንኩስ?» ሲለው «እንዳለ ነው» ይላል ቱፋ። «ጎሽ! ውሃው አልደፈረንም ማለት ነው» ይለው ነበር በየነ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ተደስቷል።

ይህ በቱፋ ላይ ያደረሰው ሁለተኛው ጥፋት ነበር። የመጀመሪያው ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ላይ ነው። አዛዦች አንዲት የጥበቃ ጀልባ ሊጎበኙ ሲመጡ በየነ ቱፋን «ሁሉንም ቀባው፣ ዚንኩንም ጨምር፣ ይብረቅ» አለው። ቀለም የተቀባ ዚንክ ምንም አያድንም። እግሩ ተበልቶ ጀልባዋ ባሕር ላይ ቀረች። ማን ቀባ ተባለ። ብሩሹ በቱፋ እጅ ነበር። በየነ ዝም አለ። ቱፋ ስድስት ወር ታሰረ፤ ማዕረጉም ተገፈፈ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አንስቶበት አያውቅም። አለማንሳቱ ነበር በየነን እንቅልፍ የነሳው።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሻፊ ወረቀት ይዞ ገባ።

«ጋሼ በየነ፣ ይድናሉ?»

«አይድኑም።»

«አውቄዋለሁ። ኦቦ ቱፋ፣ ይቅርታ፣ ኮሚቴው ወስኗል። ንብረት በግድየለሽነት አጥፍተዋል ተብሎ ይጻፋል፤ ከማኅበሩም ይወጣሉ። ጋሼ፣ እርስዎ ባለሙያ ስለሆኑ እዚህ ላይ ይፈርሙልን።»

በየነ ቱፋን አየው። ቱፋ መሬት መሬቱን ያያል።

«ፈርምለት እንጂ» አለ ቱፋ። «ጠባቂዋ እኔ ነኝ። እኔ እንደሆነ ለምጄዋለሁ።»

ብዕሩ በበየነ እጅ ነበር። ቢፈርም ማንም አያውቅም። እውነቱን ቢናገር ከነገ ጀምሮ ከጎባ እስከ ጎሮ ፓምፑን የሚሰጠው ሰው አይኖርም።

«ይህን ወረቀት ቅደደው» አለ።

«ምን?»

«ጥፋቱ የኔ ነው። የባሕር ዚንክ ሐይቅ ውስጥ አሰርኩ። አይሠራም። ተምሬው ነበር፣ ረሳሁት። እሱ እይ ያልኩትን አይቷል፣ ደውል ያልኩትን ደውሏል። ስሜን ጻፍ። በየነ፣ መካኒክ ብለህ ጻፍ።»

«ጋሼ፣ እንዲህ ብለው ሲፈርሙ ከእንግዲህ ማን ያሠራዎታል?»

«ጻፍ አልኩህ። ምፅዋም ላይ ቀባው ያልኩት እኔ ነኝ። እሱንም ጻፈው።»

«የምን ምፅዋ?»

«እሱ ያውቀዋል» አለ በየነ ወደ ቱፋ እየጠቆመ።

ሻፊ የምፅዋውን ሳይጨምር የሐይቁን በወረቀቱ ጀርባ ጻፈ። በየነ ፈረመ። ሻፊ ወረቀቱን አጠፈና ቱፋ ከማኅበሩ እንደማይወጣ ተናገረ። ቢሆንም ሌላ እግር መግዣ ስለሌለ ማኅበሩ ራሱ ከጥር አያልፍም አለ። ተሰናብቷቸው ሄደ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከተበሉት እግሮች ጋር ቀሩ። ስንዴው የለም፤ ጀልባዋም የለችም፤ ባሕረኛውም ከዛሬ በኋላ የለም።

ቱፋ ወደ በየነ ዞረ።

«ሠላሳ ስንት ዓመት ሆነ?»

«ሠላሳ ሰባት።»

«ዘገየህ፣ ሰውዬ።»

«ዘገየሁ።»

ቱፋ በጎማው ላይ ወደ ጠርዙ ተጠጋና ቦታ ለቀቀለት። በየነ አጠገቡ ተቀመጠ።

«በቃ» አለ ቱፋ። «የኔን ከፍለኸኛል።»