ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ያለችው መበለት

«በስብከቱ መሃል የሱዛን ሌግን ነገር ጣል ባደርግስ?» አሉ ቄስ ሜልበሪ፣ ብስኩታቸውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ። «ሰው ፈገግ ይላል። ዊኒፍሬድ ራሷም ትስቅበት ነበር።»

ኦድሪ የብስኩቱን ሰሃን ወደ እሳቸው አስጠጋች። አክስቷ ዊኒፍሬድ ካረፈች አምስተኛ ቀኗ ነው፤ ቀብሩ ሐሙስ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ የፖም ኬክ ይዞ ይመጣና ተቀምጦ የሚያንሾካሹከው ያንኑ ወሬ ነው፦ ሠላሳ ዓመት የደብሩን መዝገብ ስትመረምር ኖራ የመንደሩን ታሪክ የጻፈች ሴት፣ የገዛ ቅድመ አያቷን ሱዛን ሌግን ተሳስታ «መበለት» አለቻት።

«ደወሉን ማን እንዳሰነጠቀው ሳይቀር ታውቃለች» አሉ ጎረቤቷ ወይዘሮ ስኩዊብ። «ቅድመ አያቷ ባል እንዳልነበራት ግን ጠፋት።»

አልጠፋትም። የአክስቷን የእጅ ጽሑፍ በታይፕ የመታችው ኦድሪ ናት። «ሱዛን ሌግ፣ ያላገባች፤ ከድሆች ማደሪያ መጥታ ልጇን እዚህ ክርስትና አስነሳች» ይላል። ኦድሪ ያን ጊዜ የሐኪሙን ልጅ ልታገባ ነበር። አማቾቿ ሲያነቡት ታያትና አንዲት ቃል ቀየረች። መጽሐፉ ታትሞ በደብሩ አዳራሽ ሲመረቅ አንዱ ስህተቱን ከደብሩ መዝገብ ጠቅሶ አነሳው፤ ሰው ሳቀ። ዊኒፍሬድ ገጹን አየች፣ ቀና ብላ ኦድሪን አየች፣ ከዚያ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ «ዓይኔ ደክሟል» አለች። ኦድሪ ሻይ እየቀዳች ነበር። መቅዳቷን ቀጠለች።

«እኔ ነኝ» አለች አሁን።

«ምኑ?» አሉ ቄሱ።

«መበለት ያልኳት። አክስቴ በትክክል ነው የጻፈችው።»

የቄሱ ብስኩት ተቆርጦ ሻዩ ውስጥ ገባ። ወይዘሮ ስኩዊብ ግን አልደነገጡም።

«አናውቅም መሰለሽ? ዊኒ ያን መዝገብ ዓይኗን ጨፍና ትወጣው ነበር። የምንቀልደው አንቺ እንድትናገሪ ነው። አንቺ ጭጭ፤ የምትቀላው እሷ።» የኬኩን ፍርፋሪ በእጃቸው ጠረጉ። «እኛም መተው ነበረብን።»

ቄሱ በስብከታቸው ረቂቅ ላይ ስለ ሱዛን የጻፉትን ሰርዘው ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ወደ ኦድሪ ገፉት።

«እውነቱን ጻፊው፤ ሐሙስ አንቺው ታነቢዋለሽ።»

የአክስቷን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ታስታውሰዋለች። «ሱዛን ሌግ» ብላ ጻፈችና «ያላገባች» ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ወይዘሮ ስኩዊብ ሰሃኖቹን ሰብስበው፣ ክንዷን የምታሳርፍበት ቦታ አበጁላት።