የኦይቫ ሣጥን

ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው! የፊልሙ ሰዎች ከሄልሲንኪ መጥተው «ጦርነቱ ልክ እንደነበረው እንዲታይ እንፈልጋለን፤ አንድም ነገር አትደብቀን» ሲሉኝ፣ እኔ ሞኙ የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። አብሮኝ የዘመተውን የኦይቫን ነገር ሳይቀር።

እኛ ፊንላንዶች ጦር ሜዳ የወደቀ ሰው እዚያው አንተውም፤ ሬሳው ሣጥን ውስጥ ታሽጎ ወደ ተወለደበት ደብር ይላካል። ኦይቫን ግን ወንዝ ወሰደው። ሦስት ቀን ፈልገን አጣነው። እናቱን እማማ ኢምፒን ምን እንበላቸው? ሣጥኑን አሸዋ ሞልተን፣ ምስማር መትተን፣ «አይከፈት» ብለን ጽፈን ላክነው። መዶሻውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እሳቸውም ይኸው አሥራ አንድ ዓመት በየገናው ዋዜማ መቃብሩ ላይ ሻማ ያበራሉ።

ፊልሙ ወደ ከተማችን ሲመጣ፣ እማማ ኢምፒ ጎረቤቴ ናቸውና አጠገቤ ተቀመጡ። የኦይቫን ስም ስለቀየሩት ልቤ አርፎ ነበር። ወንዝ የገባው ልጅ እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ ግን የሱፍ ጓንቱ ታየ። ሌሎቹ ጣቶች አንድ ላይ ሲሆኑ፣ ለቃታ መሳቢያ ለብቻዋ የተሠራችው ጣት በግራው እጅ ላይ ነች። ኦይቫ ግራኝ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጓንት የሠሩለት እናቱ ናቸው። ይህንንም ለፊልሙ ሰዎች የነገርኩት እኔው ነኝ። ቀጥሎ ወታደሮቹ ሣጥን ውስጥ አሸዋ መገልበጥ ጀመሩ። እማማ ኢምፒ አልጮኹም፤ ክንዴን ጭምቅ አድርገው ያዙኝ።

ፊልሙ አልቆ ስንወጣ፣ በር ላይ የደብራችን ፓስተር ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ጎበዝ አርቪ! እውነቱን ነው ያሳያችሁን» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በረዶው ላይ ጎን ለጎን ስንሄድ እማማ ኢምፒ ቆሙ።

«አርቪ፣ ልጄ፣ ፊልም ላይ ውሸት ይጨምራሉ አሉ።»

«ይጨምራሉ፣ እማማ።»

«አሸዋውስ?»

ባርኔጣዬን አወለቅኩ።

«ለማያውቁህ ሰዎች አውርተህ እኔን ትደብቀኝ? በየቀኑ በደጄ እያለፍክ!»

«ፈራሁ፣ እማማ። እርስዎን ፈራሁ።»

አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«የየት አሸዋ ነው?»

አሸዋውን የዛቅነው ከፈረሶቹ ጋጣ ጀርባ ነበር፤ ከወንዙ የግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል፣ ፍግ ፍግ ይሸታል። ለፊልሙ ሰዎች ይህንንም ነግሬያቸው ነበር፤ ፊልሙ ላይ ግን አልወጣም።

«ከወንዙ ዳር ነው» አልኳቸው። «እሱ ከገባበት።»

«እንግዲያው እሱን ያጠበው ውኃ ነክቶታል» አሉ። «ተመስገን።»

እርምጃቸውን ፈጠን አድርገው ወደ መቃብሩ አቀኑ። እኔ ግን እዚያው በረዶው ላይ ቀረሁ።